ሳታጠፋ አትንካ

ጥር 9 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታው ይቆየንና መጀመሪያ አንድ ወሬ ላርም። አልጋዬን ወደ ትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ አስገብቼ ከሞተ ማሽን ጋር ሳወራ እንደምውል እህትህ ጽፋልህ ኖሯል። ያስገባሁት አልጋ አይደለም፤ ወንበር ነው፣ ያውም መደገፊያ የሌለው። ከማሽኑም ጋር አላወራም፤ መመሪያውን ጮክ ብዬ አነባለሁ። ጮክ የምለው ጆሮዬ ከብዶ ሳይሆን አዲሷ የብረት ሥራ መምህርት ማንበብ ስለማትወድ ነው። ጎበዝ ናት፣ እጇ ብረት ይገባዋል፤ ግን ቡሎኑ ለምን እንደታሰረ የምትጠይቀው ከፈታችው በኋላ ነው። «ችኩሏ» የሚል ስም አውጥቼላታለሁ። እሷ ደግሞ እናንተ ተማሪዎቼ ያወጣችሁልኝን ስም ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ «እትዬ ሚሊሜትር» ትለኛለች።

ማሽኑ ሞቷል የሚለውንም አልቀበልም። ሃያ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ስለቆመ ሞተ አይባልም። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። ጤናህ፣ ቤትህ፣ ወገብህስ እንደምን ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ሁሉም በቦታው አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ርዕሰ መምህሩ ወርክሾፑን የስብሰባ አዳራሽ ሊያደርገው ነው። ሌሎቹ ማሽኖች ጓሮ መጋዘን ይገባሉ። ያ አንተ የምታውቀው፣ በቁጥር እየታዘዘ ብረት የሚቆርጠው ትልቁ ሲኤንሲ ማሽን ግን በበሩ ስለማያልፍ ተበታትኖ በኪሎ ይሸጣል። ልጆቹ ብረት ሥራን ከጥቁር ሰሌዳ ሊማሩ ነው። ዋና ከጥቁር ሰሌዳ ተምሮ ወንዝ የተሻገረ ሰው ግን አላየሁም።

ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ተከራከርሁ። «እሺ፣ አንድ ብረት እንኳ ከቆረጠ ማሽኑም ክፍሉም ይቆያሉ» አሉኝ። ቀን ተቆረጠ፤ ግንቦት ሦስት። በዚያ ጠዋት ኮሚቴው ይመጣል፣ የብረት ገዢው መኪናም በር ላይ ይቆማል። ማሽኑ ወይ ይቆርጣል፣ ወይ ይቆረጣል።

ሸራውን ገልጠን የአይጥ ጎጆ አወጣን። ዝገቱን በናፍጣ አጠብን። ችኩሏ ሁለት የተቃጠሉ ፊውዞች ቀየረች። መብራት ሲሰጠው መስኮቱ ይበራና ቀይ ጽሑፍ ይደረድራል፤ ከዚያ ወዲያ ዝም። አንተ እንዲህ ያለ ማሽን ስትጠግን ነው የምትውለው። የምለምንህ ሁለት ነገር ነው፤ የጠረጴዛው ማንቀሳቀሻ ቀበቶና ምክርህ። ስልክ አትደውልልኝ። በስልክ የተነገረ ቁጥር መንገድ ላይ ይንጠባጠባል።

የላክህልኝን የመልካም ምኞት ካርድ አርሜ መልሼልሃለሁ። ሦስት ስሕተት ብቻ ነው ያለበት፤ ተሻሽለሃል።

አክስትህ


ጥር 28 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ይማርልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ቆሜ ነው እንጂ። እዚህ መቀመጥ የሚባል ነገር የለም። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ፋብሪካው ውስጥ ሁለት ማሽን ቆሞ አገሩ ሁሉ እኔ ላይ በሚጮህበት ቀን ነው። ኪሴ ከተትኩት። በኋላ አውጥቼ ስለዚያ ማሽን መሆኑን ሳይ መልሼ አጠፍኩት። እውነቱን ልንገርዎት፣ ሦስት ቀን ታጥፎ ኪሴ ውስጥ ዋለ።

ቀበቶውን በመንገደኛ እጅ እልካለሁ። ግን በቀበቶ አይነሳም። እንዲህ ያለ ማሽን ስለ ራሱ የሚያውቃቸው ቁጥሮች አሉት። ጠረጴዛው እስከ የት እንደሚሄድ፣ በስንት እንደሚፈጥን፣ ዜሮው የት ላይ እንደሆነ። መብራት ሲጠፋ እነዚህን የሚያስታውሰው ጀርባው ላይ ባሉት ባትሪ ድንጋዮች ነው። ድንጋዮቹ ካለቁ፣ ወይም ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ከተቀየሩ፣ ሁሉንም ይረሳል። አካሉ ጤነኛ ነው፤ ቤቱን ግን አያገኘውም።

ስለዚህ አምስት ጥያቄ አለኝ። እንደ ድሮው በተራ ቁጥር ይመልሱልኝ።

አንድ፣ መስኮቱ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ቃል በቃል ምን ይላል?

ሁለት፣ የማሽኑ በር ውስጥ የተለጠፈ የቁጥሮች ዝርዝር ነበር። አለ?

ሦስት፣ ባትሪ ድንጋዮቹ ለመጨረሻ ጊዜ ሲቀየሩ ማሽኑ በርቶ ነበር ወይስ ጠፍቶ? ጠፍቶ ከነበረስ ያጠፋው ማን ነው?

አራት፣ ዘይት ያፈሳል?

አምስት፣ የሠራው ድርጅት ዛሬም አለ?

አርመው ይመልሱልኝ አልልም፤ ሳልልም እንደሚያደርጉት አውቃለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 14 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ጤና ይብዛልህ። ቆመህ አትዋል፤ የቤተሰባችን ወገብ ለመቆም አልተሠራም። ለጥያቄዎችህ መልስ ይኸው።

አንድ። ጽሑፉን ችኩሏ ገልብጣዋለች፣ እኔ ሁለት ጊዜ አመሳክሬዋለሁ፤ ተያይዟል። ፍሬ ነገሩ «አላውቅም፣ አላውቅም፣ አላውቅም» ነው።

ሁለት። ዝርዝሩን አይጥ በልቶታል። የተረፈው የመጨረሻው ወረቀት ጫፍ ነው፤ ዐሥራ አንድ ቁጥር ብቻ ይነበባል።

አራት። ዘይት አያፈስም ነበር፤ ዘይት አልነበረውማ። ስንሞላለት ማፍሰስ ጀመረ። ችኩሏ የዘይት ማገጃ ጎማውን ቀይራ አቆመችው።

አምስት። ችኩሏ በስልኳ ፈልጋ ድርጅቱ ተዘግቷል አለችኝ። አላመንኋትም። አራት ጊዜ አስፈለግኋት፤ አራቱንም ጊዜ ተዘግቷል።

ርዕሰ መምህሩ ማክሰኞ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። «እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዎ አርፈው ቢቀመጡ ምን ነበረበት?» አለኝ።

«መቀመጫማ ይዣለሁ፤ ወንበሬን አላዩትም?» አልሁት።

ችኩሏ ሳቋን በጨርቅ አፈነችው። ጨርቁ ግራሶ ነበረበትና ቀኑን ሙሉ ጥቁር ጢም አብቅላ ዋለች። አልነገርኋትም።

ግድግዳውን ስናጸዳ ያ በገዛ እጄ የጻፍሁት ደንብ ብቅ አለ፤ «ሳታጠፋ አትንካ»። ፊደሉ ዛሬም ቀጥ ያለ ነው። ችኩሏ ግድግዳውን እንቀባው ስትል ከለከልኋት። በዚህ ደንብ ምክንያት በሠላሳ አንድ ዓመት የማስተማር ዘመኔ የአንድ ተማሪ ጣት አልጎደለም። ዘበኛው ደግሞ ሹክ እንዳለኝ ማሽኑ ከተነሳ ክፍሉ በስሜ ሊጠራ ነው። ሲሳሳቱ ያልታዩ መምህርት ብለው በቃለ ጉባኤ ጽፈውታል አሉ። እኔ ግን ስም አልጠየቅሁም፤ የጠየቅሁት ብረት የሚቆርጥ ማሽን ነው።

ቀበቶው ገና አልደረሰም። አሁን የምለምንህ ሌላ ነው። አንተ ካለህበት አገር ተመሳሳይ ማሽን ፈልግና ቁጥሮቹን ገልብጠህ ላክልኝ። ሰባ ዘጠኝ ቀን ቀርቶናል። ወንበሩ ላይ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ዙሪያውን እዞራለሁ።

አክስትህ


የካቲት 30 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ ከዚህ ጋር መልሼ ልኬዋለሁ።

ተማሪዎ ሳለሁ አንዴ ከዐሥር ጥያቄ ዘጠኙን ሠርቼ ወረቀቴን አስረከብኩ። ሳያርሙ መለሱልኝ። «አንድ ጥያቄ የተዘለለበትን ወረቀት ማረም የሚያፈስ ባልዲ መሙላት ነው» አሉኝ። ቤቴ ሄጄ ዐሥረኛውን ሠራሁ።

የሌላ ማሽን ቁጥር አይሆንም፤ በሰው መነጽር መርፌ ውስጥ ክር እንደመክተት ነው። ሁለት ማሽን በአንድ ቀን ቢሠራም አረማመዱ አንድ አይደለም።

ቀበቶው ባለፈው ሳምንት ተልኳል።

ሦስተኛው ጥያቄ አልተመለሰም።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 29 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሦስት። ጠፍቶ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ሰላምታዬን ከዚህ በኋላ የምትቀበለኝ ከሆነ፣ እንደምን ሰነበትህ? የመለስህልኝ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ሳምንት ተቀመጠ። ስበላ አዞርሁት፣ ስተኛ አዞርሁት፤ የትም ቢዞር ወደ እኔ ያያል።

አንተ የምታውቀውን መልሼ የምነግርህ፣ ማወቄን በጽሑፍ እንድታየው ነው። ያን ቀን የባትሪው ማስጠንቀቂያ በራ። መመሪያው በእጅህ ነበር። «እትዬ፣ መጽሐፉ እንደበራ ቀይሩ ይላል» አልኸኝ። እኔ ጣቴን ወደ ግድግዳው ቀሰርሁ። «በዚህ ክፍል የሚነበበው መጽሐፍ ያ ነው» አልሁህ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ዋናውን ማብሪያ በገዛ እጄ ወደ ታች ሳብሁት። አንተ የታዘዝኸውን አደረግህ፤ አሮጌዎቹን አወጣህ፣ አዲሶቹን ከተትህ። ስናበራው ቀይ ጽሑፍ ደረደረ።

በወርክሾፑ መዝገብ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፤ «ተማሪው ባትሪ በመቀየር ላይ ሳለ ማሽኑ ሥራ አቁሟል።» ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ዓረፍተ ነገር በልቤ ሳርመው ኖሬአለሁ። አንድም የውሸት ቃል የለበትም። ዓረፍተ ነገሩ ግን ውሸት ነው። ኮሚቴው በወርክሾፑ ረዳት ሆኖ የሚቀረውን ተማሪ ሲመርጥ መዝገቡን አነበበና ስምህን ዘለለ። እዚያው ተቀምጬ ነበር። ውሃ ጠጣሁ።

አንተ ለማንም አልተናገርህም፤ ለአባትህ እንኳ። በዓመቱ አገር ለቀህ ሄድህ። እኔም ዝምታህን እንደ ምስክር ቆጠርሁት። «ንጹሕ ቢሆን ይናገር ነበር» አልሁ። ይህ ከመዝገቡ የባሰ ነው።

አሁን ደግሞ ከዚህ የከፋ አለ። ከተማሪዎች የምወርሳቸውን ዕቃዎች የማስቀምጥበት ቁም ሳጥን ትዝ ይልሃል። ትናንት ከፈትሁት። መስታዎት፣ ፊሽካ፣ ማበጠሪያ፣ ብይ፣ አራት የፍቅር ደብዳቤ። አላነበብኋቸውም፤ አንዱን ብቻ አንብቤ አርሜዋለሁ። ከሥራቸው የአንተ ደብተር አለ። ሽፋኑ ላይ ስምህ ተጽፏል። ውስጡ የማሽኑ ቁጥሮች ናቸው፤ ከአንድ ጀምሮ፣ በተራ፣ ከመስኮቱ የገለበጥሃቸው። የነጠቅሁህ ማሽኑ ከመቆሙ ሁለት ሳምንት በፊት፣ ስለ መስመር ውፍረት ሳስተምር ሌላ ነገር ትጽፋለህ ብዬ ነው። መጨረሻው መስመር ላይ «312» ይልና አጠገቡ «45» ተጽፎ ብዕሩ ወደ ገጹ ጠርዝ ተንሸራትቶ ይሄዳል። ያ ጭረት የእኔ እጅ ነው።

ማሽኑ የሚፈልገው 338 ቁጥር ነው። 311ዱ በደብተርህ ሙሉ ናቸው፤ ዐሥራ አንዱን አይጥ አስተርፎልናል። ከተቋረጠው መስመር ጀምሮ ዐሥራ ስድስት ጎድሏል። ግንቦት ሦስት ሠላሳ አራት ቀን ቀርቶታል። ከልቤ ለምኜህ አላውቅም ነበርና እንዴት እንደሚለመን አላውቅበትም። ዐሥራ ስድስቱን ምን ላድርግ?

አክስትህ


ሚያዝያ 12 ቀን

ለአክስቴ፣

ደብዳቤዎን አንብቤ ወጣሁ። አውቶቡስ አልያዝኩም። በእግሬ ስሄድ የማላውቀው ሰፈር ደረስኩ። ይኼን ያህል ዘመን የምፈልገው ይቅርታ ይመስለኝ ነበር። ሳነበው ግን ያናደደኝ ደብተሩ ነው። ሁለት ወር የእረፍት ሰዓቴን ትቼ የቀዳሁት ነገር! ማሽኑ የቆመ ጊዜ የጥቂት ቀን ሥራ ነበር የሚሆንብን፤ ያኔ ግን ቁጥሮቹ፣ የበሩም ሆነ የደብተሬ፣ መልሰው እንደሚያስነሡት አላወቅንም፤ ደብተሩንም የጣሉት መስሎኝ ነበር። መድኃኒቱ ከማበጠሪያና ከፊሽካ ጋር ተቆልፎበት ኖሯል። ከዚያ ሳቅ መጣብኝ። ብቻውን መንገድ ላይ የሚስቅ ሰው የትም አገር አንድ ዓይነት ነው የሚታየው።

እዚህ በሥራዬ ማንኛውንም ማሽን ከመክፈቴ በፊት «በርቶ ነው ወይስ ጠፍቶ?» ብዬ ሁለት ጊዜ እጠይቃለሁ። «ሁለቴ ጠያቂው» ይሉኛል። ለምን እንደሆነ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

አሁን ወደ ሥራው። ይህን ያመጣልዎት መንገደኛ ባትሪ ድንጋዮችም ይዟል። ማሽኑ ባዶ ስለሆነ አጥፍተው ቢቀይሩትም ዛሬ የሚጠፋ ነገር የለም። እኔ ግን እንደበራ እንዲቀይሩት እፈልጋለሁ። እርስዎ ራስዎ፣ ችኩሏ ሳትሆን። የባትሪው ሳጥን ብቻውን ነው፤ መመሪያው ላይ ሥዕሉ አለ፤ ከሱ ሌላ ምንም አይንኩ። አንድ እጅዎን ኪስዎ ይክተቱ፤ እኛ እንዲህ ነው የምንሠራው። ሁለተኛ እጅ ሥራ ሲያጣ የማይገባበት ይገባል።

ከዚያ እርስዎ ቁጥሮቹን ያንብቡ፣ እሷ ታስገባ። የቀሩትን ዐሥራ ስድስት ማንም ሊነግርዎት አይችልም፤ መለካት ነው። የትኛው ቁጥር የምኑ ልኬት እንደሆነ በሌላ ወረቀት ጽፌዋለሁ። ጠረጴዛው ሄዶ ሲመለስ ስንት ያጎድላል፣ ዜሮው ከጠርዙ ስንት ይርቃል፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነው። ያንን ባለ መርፌ መለኪያዎን ያውጡ። ይህን ከእርስዎ የተሻለ የሚለካ ሰው እዚህም አላየሁም። ስሙን በከንቱ አላወጣንልዎትም።

ስለ መዝገቡ ምንም አልጠይቅዎትም። እኔ ጠይቄ ካረሙት እርማቱ የእኔ ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። የተወረሰ ዕቃ ዓመቱ ሲያልቅ መጥቶ ለጠየቀ ይመለሳል ይሉን ነበር። ደብተሬን ይመልሱልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ግንቦት 2 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ፈጣሪ እጅህንም እግርህንም ይጠብቅልህ። ቀበቶው ደርሶ ገጥመነዋል፤ ባትሪ ድንጋዮቹም ደርሰዋል፣ እንደበራ ቀይሬአቸዋለሁ። ለማሽኑ እንደማያስፈልግ መጻፍህን አንብቤአለሁ፤ አንተ ስለፈለግኸው አደረግሁት። ቀሚሴ ኪስ የለውም። ግራ እጄን እንደ ተቀጣ ተማሪ ከኋላዬ አድርጌ ቆምሁ። «ሳታጠፋ አትንካ» ከፊት ለፊቴ ነበር። ችኩሏ «እትዬ፣ ይተንፍሱ እንጂ» ስትለኝ ነው ትንፋሼን መያዜን ያወቅሁት።

ቁጥሮቹን ለማስገባት አራት ቀን ፈጀብን። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትጫናለች፣ መልሳ ታነብልኛለች። 207ኛው ላይ ነጥቧን ዘለለች። «ያው ነው» አለች። «ጠረጴዛው ግድግዳውን ጥሶ ሲወጣ ያው መሆኑን ትነግሪዋለሽ» አልኋት። ዐሥራ ስድስቱን ለመለካት ግን ዘጠኝ ቀን። እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ በአራተኛው ቀን መርፌው ሲንቀጠቀጥ አየሁና ጉልበቴ መሆኑን ደረስሁበት፤ ጠረጴዛውን ተደግፌው ኖሯል። የዚያን ቀን ሁሉ ሰርዤ እንደገና ጀመርሁ።

ዛሬ ጠዋት አጥፍተን አበራነው። ቀይ ጽሑፍ የለም። ጠረጴዛው ተነሥቶ ሄደ፣ ዜሮው ላይ ቆመ። ችኩሏ ጮኸች፣ ዘበኛው እሳት መስሎት ባልዲ ይዞ ገባ። ነገር ግን ብረት ገና አልቆረጠም። ያለን መቁረጫ አንድ ብቻ ነው፤ ከተሰበረ ሌላ የለም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ቁራጭ ነገ በኮሚቴው ፊት ነው የሚሆነው።

ስለ መዝገቡ ለችኩሏ ነገርኋት። መፍቻዋን አስቀመጠች። ቀጥላ «እትዬ፣ ከቆረጠ በኋላ ይናገሩ። ኮሚቴው የሚሰማዎት ተሳስተው አያውቁም ብሎ ነው። ቀድመው ከተናገሩ ርዕሰ መምህሩ "ማሽኑን የገደሉት እርስዎ ኖረዋል፣ አሁን ደግሞ ሊያስነሡት?" ብሎ ሳይበራ ያስወጣዎታል» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ሊያስወጣኝ ይችላል። ግን ከቆረጠ በኋላ ብናገር ሁሉም ይስቃል፣ ያቅፈኛል፣ ስሜን በሩ ላይ ይጽፋል። ያ እርማት አይደለም፤ ጭብጨባ ነው። ደግሞም ማሽኑ ባይቆርጥ አፌን ከፍቼ እንደማልናገር ራሴን አውቀዋለሁ። ብባረር ችኩሏ ሥራውን ታውቀዋለች፤ 338ቱም ቁጥሮች ማሽኑ ውስጥ ናቸው።

የግድግዳውን ጽሑፍ አላጠፋሁትም፤ ጥሩ ደንብ ነው። ከሥሩ ግን አንድ መስመር ጨምሬአለሁ፤ «መጽሐፉ ሌላ ካለ መጽሐፉን ስማ።» ፊደሉ እንደ ላይኛው ቀጥ አላለም። ትቼዋለሁ።

ደብተርህን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ቅጂውን ለወርክሾፑ አስቀርቻለሁ። በዋናው ላይ የጎደለውን በእጄ ጽፌ ሞልቼዋለሁ። «45» ብለህ ያቆምኸው መስመር ልኬቱ 45.218 ነው። ጀምረኸው የነበረው ትክክል ነበር። ጭረቱን አልነካሁትም።

ዛሬ መቀመጥም መተኛትም አልሆነልኝም፤ ጫማዬን ሁለት ጊዜ ወለወልሁት። ስለዚህ ነገ የማደርገውን በቅደም ተከተል እጽፍልሃለሁ፤ የተጻፈ ነገር ያሳርፋል።

አንደኛ፣ ፖስታ ቤቱ እንደተከፈተ ይህን ደብዳቤ ደብተርህ ውስጥ ከትቼ እልካለሁ። ማሽኑ ቢነሳም ባይነሳም ደብተሩ የአንተ ነው፤ ጠይቀሃልና አስቀድሞ እሱ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ኮሚቴው ተቀምጦ ሳያበቃ መዝገቡን ያን ገጽ ላይ እከፍታለሁ። ዓረፍተ ነገሬ እንዲነበብ ሆኖ በቀይ ይሰረዛል። ከላዩ «ማሽኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ተማሪው አያጥፉ ብሎኝ ነበር» ብዬ ጽፌ፣ ስምህን ጨምሬ፣ ጮክ ብዬ አነባለሁ።

ሦስተኛ፣ ካላስወጡኝ፣ ግራ እጄን ከኋላዬ አድርጌ ማብሪያውን ወደ ላይ እገፋለሁ።

አክስትህ